የግራ እግሩ ብረት

የአያ ዳኘው ሞተር ብስክሌት ፍሬን አልነበረውም። ይህን ስናገር ሰው የሕፃን ቅዠት ይመስለዋል፤ ባለቤቴ ከተጋባን ሠላሳ ዓመት አልፎን ዛሬም አያምነኝም። ግን አልነበረውም። ፍሬን የለው፣ መብራት የለው፣ ጡሩምባ የለው፤ ማርሹም አንድ ብቻ ነው። የተሠራው ለአንድ ነገር ነበር፤ በክብ የአፈር ሜዳ ላይ ከሌሎች ሦስት ሞተሮች ጋር አራት ዙር ወደ ግራ እየታጠፈ እንዲሮጥ። አራቱ ዙር ከአንድ ደቂቃ ብዙም አያልፍም። አያ ዳኘው በአስመራ ሰባት ዓመት ሙሉ እሑድ እሑድ ያችን አንድ ደቂቃ እየጋለበ ኖረ። ሥራው እሱ ነበር፤ የሚበላውም ከሱ ነበር።

ቡሬ የገባው በ1958 ዓ.ም. በጥር መጨረሻ ነው፤ እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ያ ሞተር በመንገድ ስለማይነዳ በጭነት መኪና ላይ በገመድ ታስሮ መጣ። መኪናው ደጃችን ሲቆም እናቴ ንግሥቴ በርበሬ ትቀነጥስ ነበር። አባቴ የበርበሬ ነጋዴ ነው፤ ዓመቱን ከሽንዲ ቡሬ፣ ከቡሬ ደብረ ማርቆስ ሲመላለስ ይጨርሰዋል፤ ቤታችን ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ያስነጥሳል። እናቴ እጇን ሳትታጠብ እየሮጠች ወጣች። ታናሽ ወንድሟን አሥር ዓመት አላየችውም።

እሱ ከመኪናው በሁለት እጁ ተንጠልጥሎ ወረደና መሬት ሲረግጥ ዓይኑን ጨፍኖ ጥቂት ቆመ። ያገሩን መሬት በመርገጡ የሚጸልይ መሰለኝና እኔም አብሬው ጨፈንኩ። ዛሬ እንደማውቀው መሬቱ ዞሮበት ነው።

«ወንድም ዓለሜ! አፈር ልሁንልህ!» እያለች እናቴ በበርበሬ እጇ ፊቱን ዳበሰችው። ሁለቱም አለቀሱ። የናፍቆቱን እንባ ከበርበሬው እንባ ለይቶ የሚነግረኝ አልተገኘም።

የእናቴ አባት መምሬ ክንፈሚካኤል ከኛ ጋር ይኖሩ ነበር። የደብራችን ቄስ ናቸው፤ እኔ አባባ እላቸዋለሁ። ከቤቱ ጀርባ ያለችው ክፍል የሳቸው ናት። መጻሕፍታቸው በየቆዳ ማኅደራቸው ገብተው ግድግዳው ላይ ተሰቅለዋል፤ እጁን ያልታጠበ ሰው አይነካቸውም። ልጃቸው ዳኘው በአሥራ ስድስት ዓመቱ ዲያቆን ሆኖ ሳለ ከቅኔ ቤት ጠፍቶ አስመራ ገባ። እዚያ በአንድ ጣሊያን ጋራዥ ጎማ ከመንፋት ጀምሮ ጋላቢ እስከ መሆን ደረሰ። አባባ ስለዚህ ነገር በአሥር ዓመት ውስጥ አንድ ቀን አንሥተው አያውቁም ትላለች እናቴ።

አያ ዳኘው ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ። አባባ እጃቸውን ራሱ ላይ አሳርፈው ሲመርቁት ቆዩና ጣታቸው ከጆሮው ጀርባ ሲደርስ ምርቃቱ ተቋረጠ።

«እዚች ላይ ምን ሁነህ ነው?»

«ጠጠር መትቶኝ ነው አባባ።»

«ጠጠር እንዲህ ያለ ጎድጓዳ አያወጣም።»

«ያስመራ ጠጠር ትልቅ ነው።»

አባባ አልሳቁም። ምርቃቱን ካቆሙበት ቀጠሉ።

ይዞት ከመጣው ጆንያ ውስጥ ልብስ ወጣ፣ የቆዳ ጃኬት ወጣ፣ የአበባ ጉንጉን አንገቱ ላይ ያጠለቀበት ፎቶግራፍ ወጣ። በመጨረሻ የወጣው ብረቱ ነው። የግራ እግር ብረት። በእግሩ ልክ የተቀጠቀጠ ሶል ሆኖ ከጫማው ሥር በሦስት ጠፍር ይታሰራል። አንሥቼ ላየው ብሞክር ከበደኝ፤ ሥሩ እንደ መስታወት ተፍቆ ፊቴን አሳየኝ።

«ይኼ ለምንህ ነው?» አልኩት። ታላቅ ወንድም ስላልነበረኝ አያ እለው ነበር እንጂ እንደ እኩያዬ ነበር የማዋራው።

«ስትታጠፊ የኋላው ጎማ ይከዳሻል። ያን ጊዜ ግራ እግርሽን መሬት ላይ ጥለሽ በሱ ላይ ትንሸራተቻለሽ። ያለዚህ እግርሽ እዚያው ይቀራል።»

«ቀኝ እግርስ?»

«ቀኝ እግር ሥራ የለውም። ቁጭ ብሎ ያያል።»

ብረቱን የሠራለት ሽማግሌ ጣሊያን ሞቷል። ሌላ ብረት ሞክሮ ሁለት ጊዜ ወድቋል። ስለዚህ ያን ብረት ትራሱ ሥር አድርጎ ነበር የሚተኛው። ለዳግማይ ትንሣኤ አስመራ ተገኝቶ ለአዲሱ ዓመት ውድድር መፈረም ነበረበት፤ ካልደረሰ ቦታውን ለሌላ ጋላቢ ይሰጡበታል። ይህን እኔ ብቻ ሳልሆን ቡሬ ያለ ልጅ ሁሉ በቃሉ ያውቅ ነበር፤ የነገርኳቸው እኔ ነኝ።

መቀመጥ አይችልም ነበር። ምሳ ሲበላ ግራ እግሩ ከገበታው ሥር ይርገበገባል፤ እናቴ ጉልበቱን በእጇ ይዛ «እረፍ እስቲ!» ትለዋለች፤ ያርፍና እጇን ስታነሣ ይጀምራል። እኔም መርገብገብ ተማርኩ። በአንድ ሳምንት ውስጥ ገበታው ከሁለት በኩል ይንቀጠቀጥ ጀመር።

ረቡዕና ቅዳሜ ሞተሩን እየገፋ ወደ ጉግስ ሜዳው ይወጣል። ለሞተሩ የሚሆነውን ነዳጅ በበርሜል ይዞት መጥቶ ነበር፤ ሽታው እንደ አረቄ ስለሆነ የሰፈሩ ሴቶች «ጠጪ ብረት» ብለው ስም አወጡለት። የሞተሩ ዘይት ደግሞ ጉሎ ነው፤ እናቴ ምጣድ የምታሰስበት ጉሎ። ሞተሩ ሲነሣ ሜዳው በሙሉ ምጣድ ምጣድ ይሸታል፤ ጾም ላይ ስለነበርን ሁላችንንም ያስርበን ነበር። ከዚያ አያ ዳኘው ጎንበስ ብሎ ይለቀዋል። ሞተሩ ወደ ጎን ዞሮ፣ የፊቱ ጎማ ወደ ቀኝ እያየ፣ እሱ ወደ ግራ ሲሄድ፣ ብረቱ ከድንጋይ ሲጋጭ የእሳት ፍንጣሪ ሲወጣው አየሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ በሕይወቴ እንደዚያ ያማረ ነገር አላየሁም፤ ሠርጌንም ጨምሮ።

ፈረስ የሚያሰለጥኑት አቶ ሃይለ ሚካኤል ግን አልወደዱትም። «ፈረሶቼ ደነበሩ! በዐቢይ ጾም ይኼን የሰይጣን ከበሮ ምን አመጣው?» እያሉ እስከ ደጃችን መጥተው ከሰሱ። በልቤ ጠላት ብዬ መዘገብኳቸው።

የአወዳደቅ ልምምዱን ያየሁት በሁለተኛው የጾም ሳምንት ነው። ከጓሮ ባሕር ዛፍ ሥር አያ ዳኘው ሣሩ ላይ ወድቋል። ዓይኑ ክፍት ነው፤ ጥርሱ ገጥሟል፤ እጅና እግሩ ይንቀጠቀጣል። አጠገቡ ቁጭ ብዬ አየሁት። ከብዙ ቆይታ በኋላ ቆመ፣ አረፋውን በክንዱ ጠረገ፣ እኔን አየ።

«አልጣሽ፣ ምን ታያለሽ?»

«አንተስ ምን ታደርጋለህ?»

ትንሽ አሰበ። «አወዳደቅ እለማመዳለሁ» አለኝ። «ጋላቢ የሆነ ሰው መውደቅ ማወቅ አለበት። ለእናትሽ አትንገሪ፤ ትስቅብኛለች።»

አልነገርኩም። እንዲያውም ከጎረቤታችን ልጅ ከታንጉት ታናሽ እህት ጋር ሆነን እኛም ተለማመድን። ሣሩ ላይ እንወድቅና እንንቀጠቀጣለን፤ ቶሎ የተነሣ ይሸነፋል። እሱ አራት ጊዜ ሲለማመድ አይቼዋለሁ፤ አራቱንም ጊዜ አጨበጨብኩለት። የበሽታውን ስም ዛሬ አውቃለሁ፤ መድኃኒቱንም ቢሆን አውቀዋለሁ፤ የልጄ ልጅ ትወስደዋለች።

እናቴ ግን ሳልነግራት አወቀች፤ ውኃ ዳር ወድቆ አግኝታው ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ ከአባባ ጋር በርበሬ እየቀነጠሱ ሲነጋገሩ ከጆንያው ጀርባ ሆኜ ሰማሁ።

«አስመራ ያለው ሐኪም አንድ ጊዜ ደግሞ ራስህን ከተመታህ አትነሣም ብሎታል አባባ።»

አባባ የያዙትን በርበሬ አስቀመጡ። «እሱስ ምን አለ?»

«ሐኪም ጋልቦ አያውቅም ይላል።»

«እህ።»

«እርስዎ ይናገሩት። የርስዎን ቃል ይሰማል።»

«የኔን ቃል ከሰማ አሥር ዓመቱ ነው ልጄ።»

እኔ ከጆንያው ጀርባ እስቅ ነበር። አትነሣም ብሎታል! እኔ በዓይኔ አራት ጊዜ ሲነሣ አይቼው የለ! ሐኪም ምን ያውቃል ብዬ ናቅሁት።

ከዚያ ንግግር በኋላ ባለው ሐሙስ ብረቱ ጠፋ።

አያ ዳኘው ጠዋት ትራሱን ሲያነሣ ባዶ ነው። ጮኸ። ቤቱ ተገለባበጠ፤ ጎተራው ተፈተሸ፣ የበርበሬው ጆንያ ሁሉ ተዘረገፈ፤ ስንፈልግና ስናስነጥስ ዋልን። እኔ አቶ ሃይለ ሚካኤል ናቸው ብዬ ወሰንኩ፤ ለልጆቹም በሙሉ ነገርኩ። እስከ ማታ ወሬው ከተማውን አዳረሰ።

በኛ አገር ዕቃ የጠፋበት ሰው ቄሱ ዘንድ ሄዶ ያስገዝታል። ቄሱ ከቅዳሴ በኋላ ምእመኑ ፊት ቆሞ የወሰደውን ሰው ይገዝታል፤ ያ ሰው ዕቃውን እስኪመልስና እስኪናዘዝ ድረስ ከቁርባን የተለየ ነው። ዳኛን የሚዋሽ ሰው ሞልቷል፤ ግዝትን የሚደፍር ግን እምብዛም ነው። በሬ በግዝት ተመልሷል፣ ጠመንጃ ተመልሷል። የመለሰው ሰው ማን እንደሆነ አይጠየቅም፤ ዕቃው ደጀ ሰላም ተቀምጦ ይገኛል።

አያ ዳኘው አርብ ዕለት አባባ ፊት ቆመ። «ይገዝቱልኝ።»

«በጾም መካከል ሰው ልገዝት?»

«አምና በጾም መካከል ለሰው በሬ ግዝት አውጥተዋል አሉ።»

«በሬ ይታረስበታል።»

«እኔስ በምኔ ነው የማርሰው አባባ?» አለ አያ ዳኘው። «ለባዕድ ሲሆን የሚቆሙትን ለልጅዎ ይነፍጉታል? እንግዲያው የጠላሁት ልጅ ነው ይበሉኝና ይለይልኝ።»

አባባ መቋሚያቸውን ተደገፉ። «አልጠላሁህም» አሉ። ከዚያ «እሑድ ይሁን» አሉ።

እሑዱ ደብረ ዘይት ነው። ከቅዳሴ በኋላ አባባ በቤተ ክርስቲያኑ ደረጃ ላይ ወጡ። ግቢው ሞልቷል። መስቀላቸውን አነሡ፤ ጭብጥ አድርገው ይዘውት ነበር፤ በጣም የተቆጡ መሰለኝና ደስ አለኝ።

«የልጄን የዳኘውን የእግር ብረት የወሰደ፣ ወስዶም የደበቀ፣ እስኪመልስ ድረስ ከሥጋ ወደሙ የተለየ ይሁን። መቅደስ አይግባ። ቡራኬ አይስጥ። በሥልጣነ ጴጥሮስ ወጳውሎስ ገዝቻለሁ።»

ቡራኬ አይስጥ ማለታቸውን ያን ጊዜ ማንም ልብ አላለውም። ገበሬ ምን ቡራኬ ይሰጣል?

በማግሥቱ ደጀ ሰላም አንድ ማረሻ፣ አንድ ወንፊትና እግሯ የታሰረ ዶሮ ተገኙ። ግዝቱ ማንን እንደሚይዝ ያልገባቸው ሰዎች የየራሳቸውን ጉድ መልሰው ነበር። ብረቱ ግን የለም። አቶ ሃይለ ሚካኤል እያማተቡ ቤታችን መጡ።

«መምሬ፣ ሰው ሁሉ ያየኛል። ፈረሴ ስለደነበረ ተናገርሁ እንጂ ያን ብረት በዓይኔም አላየሁት።»

«አውቃለሁ ሃይለ ሚካኤል። አንተ አይደለህም።»

«እንደምን አወቁ?»

«አንተማ እንቅልፍ ተኝተሃል» አሉ አባባ። «የወሰደው ሰው አልተኛም።»

ይህን ሲሉ አባባ ሁሉን የሚያውቁ ቅዱስ መሰሉኝ። መስቀላቸውን ልሳለም ስጠጋ ግን ወደ ኋላ ሸሹ። «ጉንፋን ይዞኛል ልጄ፣ አትቅረቢኝ» አሉኝ። ጉንፋኑ አልለቀቃቸውም። የቅዳሴ ተራቸው ሲደርስ ጓደኛቸው አባ ወልደ ዮሐንስ ተተኩላቸው። አባባ ጉልበታቸውን አሟቸው ደረጃ መውጣት እንደማይችሉ ተናገሩና ከግቢው አጥር ሥር፣ ወደ ውስጥ ከማይገቡት ሴቶች ጎን ቆመው ማስቀደስ ጀመሩ። ያን ጉልበት በየማታው በቅባት አሸው ነበር። ይሻላል ወይ ስላቸው «ይሻላል» ይሉኛል። ጉልበታቸው ደህና ነበር።

አያ ዳኘው ብረቱ የማይገኝ ሲመስለው ከተማው ውስጥ ካለው ወፍጮ ቤት ሥራ ገባ። ሞተር ስለሚያውቅ ባለቤቱ እጁን ስሞ ነው የተቀበለው። ማታ ማታ ከእግር እስከ ራሱ ዱቄት ለብሶ ይመጣል። እናቴ ልትዘፍን ምንም አልቀራት። የጎረቤታችንን የታንጉትን ስም ምሳ ላይም እራት ላይም ታነሣ ጀመር፤ «ወገቧን አየኸው? ፈትሏንስ?» ትለዋለች። እሱ ፈገግ ይላል። እግሩ ግን ከገበታው ሥር አላረፈም።

እኔ ነበርኩ ያፈርኩት። ልጆቹ «ያንች ጋላቢ ስንት ቁና ፈጨ ዛሬ?» ይሉኛል። አንድ ቀን ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ቆሜ አየሁት፤ አንዲት አሮጊት ዱቄቷ ጎደለ ብላ ትሰድበዋለች፤ እሱ አንገቱን ደፍቶ ይሰማል። ሮጬ ወጣሁ። ብረቱን አገኛለሁ ብዬ የማልኩት ያን ቀን ነው። ዛሬ ልጅ አሳድጌ ያን ቀን ሳስብ፣ ያ አንገቱን የደፋ ሰው በሕይወት ያለ ሰው ነበር እላለሁ።

በስቅለት ቀን ሰው ሁሉ ለስግደት ቤተ ክርስቲያን ውሏል። እኔ ጾሙ ስለከበደኝ ከሰዓት በኋላ እናቴ ወደ ቤት ላከችኝ። ቤቱ ጭር ብሏል። አባባ ክፍል ገባሁና ተቀመጥኩ፤ መቀመጥ ስላልቻልኩ ተነሣሁ። ያን ጊዜ ትልቁ ወንጌላቸው በነጠላ ተጠቅልሎ መደቡ ላይ ተቀምጦ አየሁ። ማኅደሩ ግን ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ ሞልቷልም። መጽሐፉ እዚህ ከሆነ እዚያ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?

እጄን ሁለት ጊዜ ታጠብኩ። በርጩማ ላይ ወጥቼ ማኅደሩን አወረድኩ። ገና ክብደቱ እጄ ላይ ሲያርፍ አወቅሁት።

በልጅ ጭንቅላቴ ሁሉም ነገር ግልጽ ነበር። ሌባው ግዝቱን ፈርቶ ለአባባ በምስጢር መልሶላቸዋል፤ አባባ ደግሞ ለፋሲካ ልጃቸውን ሊያስደስቱት ቆጥበውለታል። መቼም እስከ እሑድ መጠበቅ እንዴት ይቻላል? ደስታው በኔ እጅ እንዲሆን ፈለግሁ። ማኅደሩን መልሼ ሰቅዬ፣ ብረቱን በነጠላዬ ጠቅልዬ ሮጥኩ።

አያ ዳኘው ጎንበስ ሲል ስለሚያዞረው አይሰግድም ነበር። ከግቢው ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ እግሩ ይርገበገባል። ነጠላውን ገለጥኩለት። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ከየት አመጣሽው?»

«ከአባባ ማኅደር። ለፋሲካ ሊሰጡህ ነበር።»

ቀና ብሎ ወደ ግቢው ተመለከተ። ካህናቱ በሙሉ ደረጃው ላይ ናቸው። አባባ ብቻቸውን ከአጥሩ ሥር ይሰግዳሉ፤ ይወድቃሉ፣ ይነሣሉ፤ ታመመ ባሉት ጉልበታቸው ይወድቃሉ፣ ይነሣሉ። አያ ዳኘው እንባው ወረደ። በደስታ ነው አልኩ።

«ለማን ነገርሽ?»

«ለማንም።»

«እንዳትነግሪ።» ብረቱን በሁለት እጁ ያዘው። እግሩ መርገብገቡን አቆመ።

በፋሲካ ማግሥት፣ በማዕዶት ሰኞ፣ ጭነት መኪናው ደጃችን ቆመ። እናቴ ቤት ውስጥ ተዘግታ ታለቅሳለች። አያ ዳኘው አባባ ፊት ቆመ፤ እኔ መሐላቸው ነበርኩ።

«አባባ፣ ዕቃዬ ተመልሷል። የወሰደውን ሰው ይፍቱልኝ።»

«ማን እንደወሰደው አትጠይቅም?»

«አይጠየቅም ብለው ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ክፉ ሰው አይመስለኝም።»

አባባ መቋሚያቸውን አጥብቀው ያዙ። «ያ ሰው እግርህ ላይ ወድቆ አትሂድ ቢልህ፣ ትቀራለህ?»

«እንዳይወድቅ ይንገሩልኝ። ልቤ ይሰበራል እንጂ አልቀርም። እኔ ያ ወፍጮ ቤት ውስጥ ሞቼ ነበር አባባ።»

«ወፍጮ ቤት የሞተ ሰው ማታ እራቱን ይበላል» አሉ አባባ።

አያ ዳኘው ሳቀ፤ ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ፤ ሲስም ቆየ። አባባ እጃቸውን ራሱ ላይ ሊያሳርፉ አነሡና መለሱት። «እግዚአብሔር ራሱ ይመርቅህ» ብቻ አሉት። እኔ ስለ ማን እንደሚያወሩ ስላልገባኝ መኪናው ላይ ስላለው ሞተር አስብ ነበር። መኪናው ሲነሣ እስከ ፍኖተ ሰላም መገንጠያ ድረስ እያጨበጨብኩ ተከተልኩ።

ሁለት ዓመት አሸነፈ። ፎቶግራፍ ይልካል፤ በአንዱ ላይ የአበባው ጉንጉን አንገቱን ውጦታል። እናቴ ፎቶውን ሳታይ ለኔ ትሰጠኛለች። በሦስተኛው ዓመት በሰኔ፣ በውድድር እንኳ ሳይሆን በልምምድ ቀን ወደቀ። ቴሌግራሙን አባቴ ከፍኖተ ሰላም ይዞት መጣ። አልተነሣም የሚል ቃል አልነበረበትም፤ ዐረፈ ይል ነበር። እኔ የሐኪሙ ቃል ትዝ ያለኝ ያን ጊዜ ነው። ጓሮ ሄጄ ባሕር ዛፉ ሥር ተኛሁ።

አባባ በነዚያ ሁሉ ዓመታት መቅደስ አልገቡም። ብረቱ ከተመለሰ በኋላም፣ ልጃቸው ሲያሸንፍም፣ ሲሞትም። ሰው እርጅና ነው አለ። እኔ ነገሩ የገባኝ በአሥራ አምስት ዓመቴ ነው። አንድ ገበሬ ለጠፋ በሬ ሲያስገዝት ሰምቼ ወደ ቤት ስመለስ በመንገድ ላይ ቆምኩ። ሌባ የመለሰው ዕቃ አራት ሳምንት ያህል በማኅደር ተደብቆ አይቀመጥም። ቡራኬ አይስጥ ያሉት ለማን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። ራሳቸውን ነው የገዘቱት፤ እኛ ሁላችን ቆመን አሜን እያልን። እኔ ደግሞ እጄን ታጥቤ ያን ሁሉ አፈረስኩት።

አራት ዓመት ይህን ይዤ ዞርኩ። ሽንዲ አስተማሪ ሆኜ ሁለተኛ ዓመቴን ስጀምር፣ በጥቅምት 1968 ዓ.ም.፣ አባባ ተዳክመዋል የሚል መልእክት ደረሰኝ። ጠዋት ስገባ በመደባቸው ላይ ተጋድመዋል። እናቴን ውኃ ላኳት። ሁለታችን ብቻ ቀረን።

«አባባ፣ ብረቱን ከማኅደሩ አውጥቼ የሰጠሁት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ። ማኅደሩን መልሰሽ ስትሰቅይ ማንገቻውን በግራ አጠፍሽው፤ እኔ በቀኝ ነው የማጥፈው።»

«ለምን አልተቆጡኝም?»

«ዘጠኝ ዓመትሽ ነበራ።» ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «አንች ባትሰጪው እኔው እሰጠው ነበር ብዬ ላጽናናሽ ይገባ ነበር። ግን ውሸት ነው። አልሰጠውም ነበር።»

አለቀስኩ። እጄን ያዙ።

«አባ ወልደ ዮሐንስ የንስሐ አባቴ ነው። በየዓመቱ፣ ክንፈሚካኤል ሆይ ተጸጽቻለሁ በልና ልፍታህ፣ መቅደስህ ግባ ይለኛል። ንስሐ ማለት ዳግመኛ አላደርገውም ማለት ነው ልጄ። እኔ ግን ያች ሌሊት ዛሬ ብትመለስ ያን ብረት ከትራሱ ሥር እሰርቀዋለሁ። አሻሽዬ እደብቀዋለሁ። ይህን በልቤ ይዤ ተጸጽቻለሁ ብል መቅደሱን ነው የምዋሸው። እንዴት ብዬ?»

ወደ ስድስት ሰዓት ገደማ ምላሳቸው ታሰረ። ዓይናቸው ግን ያያል፤ ጆሯቸውም ይሰማል። አባ ወልደ ዮሐንስ ቅዱስ ቁርባኑን አስይዘው ከቅዳሴ በቀጥታ መጡ። መደቡ አጠገብ ቆሙ፤ ጓደኛቸውን አዩ፤ መናገር እንደማይችሉ ሲረዱ ፊታቸው ወደቀ።

«አልጣሽ» አሉኝ፣ «አሥር ዓመት ሙሉ ከዚህ ሰው አንድ ቃል ስጠብቅ ኑሬያለሁ። ምን ቃል ብለሽ አትጠይቂኝ። ካንች ጋር ሲነጋገር ተጸጽቻለሁ የሚል ቃል ከአፉ ወጥቷል? ከወጣ ላቁርበው። ካልወጣ ይዤው እመለሳለሁ።»

እናቴ በር ላይ ቆማ ታየኛለች። አባባ ያዩኛል።

«ወጥቷል አባ» አልኩ። «ተጸጽቻለሁ ብለዋል።»

አባ ወልደ ዮሐንስ አማተቡና ወደ መደቡ ተጠጉ። የአባባ ከንፈር ግጥም እንዳለ ነው። ዓይናቸው ከኔ ላይ አልተነሣም። መቅደሱን በአንድ ቃል ላለመዋሸት አሥር ዓመት ከአጥር ሥር ቆመው ያስቀደሱ ሰው ናቸው፤ ራሳቸውን አንድ ጊዜ ብቻ ወዲህና ወዲያ ቢያንቀሳቅሱ ይበቃ ነበር። ቢያደርጉት እኔ ሥጋ ወደሙ ፊት፣ እናቴ ፊት፣ በሞት አፋፍ ላይ ባለ ሰው ስም የዋሸሁ ሆኜ እቀር ነበር። አንድ ጊዜ ልጅ ሳለሁ ያሰቡትን አፍርሻለሁ፤ አሁን ደግሞ ሁለተኛ።  ከዚያ ቁርባኑን ሊቀበሉ አፋቸውን ከፈቱ።